አደይ አበባን በበቀለበት ተረተር ላይ ለማየት

አብዛኛው የከተማ ነዋሪ አደይ አበባን የሚያገኘው በዘመን መለወጫ ዋዜማ በየመንገዱ ዳር ከሚሸጠው እቅፍ ውስጥ፣ ወይም በመስቀል ዋዜማ ከደመራው አናት ላይ ታስሮ ነው። በበቀለበት ቦታ ያየው ሰው ግን የሚያስታውሰው እቅፉን ሳይሆን ኮረብታውን ነው። አንድ ሙሉ ተረተር ከግርጌው እስከ አናቱ ቢጫ ሆኖ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲተኛና ሲነሣ ይታያል። ይህን ለማየት ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሳምንቱን፣ ሰዓቱንና ቦታውን አስተካክሎ መምረጥ ነው። ይህ ጽሑፍ በተለይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በግማሽ ቀን ወይም በአንድ ቀን ደርሶ ለሚመለስ ሰው የተዘጋጀ ሲሆን፣ ራቅ ብለው መሄድ ለሚፈልጉም ጥቂት ነገር ተጨምሮበታል።

አደይ አበባ የክረምቱን ዝናብ ጠጥቶ የሚያድግና ዝናቡ ሊያባራ ሲል የሚፈነዳ ተክል ነው። በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላል፣ በመስከረም ይበዛል፣ ጥቅምት ሲጋመስ ደግሞ በብዙ ቦታ አበባው እየረገፈ ወደ ፍሬ ይለወጣል። የእንቁጣጣሽ ምልክት በመሆኑ ምክንያት ብዙ ሰው መስከረም 1 ቀን ኮረብታው ሁሉ ቢጫ ለብሶ የሚጠብቀው ይመስለዋል። በዚያን ሰሞን ግን ደጋው ገና አረንጓዴ ነው፤ ጭጋጉም ጭቃውም አልለቀቀም። ለሽያጭ የሚቀርበው አበባ ቀድሞ ከፈነዳው እየተለቀመ የሚመጣ እንጂ ሜዳው ሁሉ ማበቡን የሚያመለክት አይደለም። በእኔ ግምት የተሻለው ጊዜ ከመስቀል በፊት ካለው ሳምንት ጀምሮ እስከ ጥቅምት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ዘመነ ጽጌ ብላ የምትጠራቸው 40 ቀናት መስከረም 26 ገብተው ኅዳር 5 የሚወጡ መሆናቸው ለዚህ ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ዘመኑ በሚገባበት ሳምንት የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ አያፍርም።

ይህም ቢሆን ከዓመት ዓመት ይለያያል። ክረምቱ ዘግይቶ የወጣ እንደሆነ አበባውም ይዘገያል፤ ከፍ ያለውና ብርዳማው ቦታም አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ካለው ኋላ ያብባል። ስለዚህ ቀን ከመቁረጥ በፊት በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ወይም ከአካባቢው ወደ ከተማ ወተት የሚያመጣ ሰው ፈልጎ «አበባው ደርሷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ያዋጣል። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለቀቁት ፎቶዎች ብዙዎቹ የአምናና የካቻምና በመሆናቸው ለዚህ ጉዳይ አይታመኑም።

ከውጭ አገር ፈቃድ ወስደው የሚመጡ ወገኖች ቀኑን ሲያሰሉ መስቀል በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 27 ቀን እንደሚውል፣ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን፣ በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ እንደሆነው፣ ወደ 28 እንደሚገፋ ልብ ማለት አለባቸው። የልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋ በጁላይና በኦገስት መጥቶ የሚመለስ ቤተሰብ የሚያገኘው ዝናቡን ብቻ ነው። ሌላው በሰሌዳ ላይ መታየት ያለበት ቀን የኢሬቻ በዓል ነው። በዓሉ ከመስቀል ቀጥሎ ባለው ቅዳሜና እሑድ በአዲስ አበባና በቢሾፍቱ የሚከበር በመሆኑ አንዳንድ መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ፤ ትራንስፖርትም ይጨናነቃል። በዓሉን ለማየት ካልሆነ በቀር የአበባውን ጉዞ ወደ ሌላ ቀን ማዛወር ይሻላል።

ወዴት መሄድ እንደሚገባ ለማወቅ አበባው የሚወደውን መሬት ማወቅ ይቀድማል። አደይ አበባ ፀሐይ የሚያገኝና ያልታረሰ ቦታ ይወዳል። በማሳ ወሰን፣ በድንጋያማ ዳገት፣ ለሣር በተከለለ መስክና በመንገድ ዳር በብዛት ይታያል። ከብት ክረምቱን ሙሉ የዋለበት ግጦሽ ላይ ግን ከስንት አንድ ነው። በባሕር ዛፍ ጥላ ሥርም መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ባሕር ዛፍ ከሥሩ ብዙ ነገር አያበቅልም። እንጦጦ ወጥቶ «አበባ የለም» ብሎ የሚመለሰው ሰው ብዙውን ጊዜ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መተከል በጀመረው በዚያ ደን ውስጥ ብቻ ሲዞር የዋለ ነው። ከደኑ ወጥቶ ገላጣውን መፈለግ ያስፈልጋል።

ቢጫ የሆነ ሁሉም አደይ አበባ አይደለም። በዚሁ ወቅት የሚያብቡና ከሩቅ ከእርሱ ጋር የሚመሳሰሉ ሁለት ዘመዶች አሉት፤ አንዱ ገበሬው የሚዘራው ኑግ፣ ሌላው በማሳ ውስጥ እንደ አረም የሚበቅለው መች ነው። ከሩቅ ሲታይ ኑግ ራሱን የሚያጋልጠው በወሰኑ ነው፤ ቢጫው ቀጥ ባለ መስመር ተጀምሮ ቀጥ ባለ መስመር ያበቃል፣ ቁመቱም አንድ ወጥ ነው። አደይ አበባ ግን እንደ ቦታው አቀማመጥ ሳሳና ደመቅ እያለ ይዘረጋል። ቀርቦ ለማረጋገጥ ደግሞ አበባውን ትቶ ቅጠሉን መመልከት ነው። የአደይ አበባ ቅጠል እስከ መሐሉ እየተሰነጣጠቀ የወጣ ቀጫጭን ነው፤ የኑግና የመች ቅጠል ግን ያልተሰነጠቀ፣ ሰፋ ያለና በቀጥታ ከግንዱ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ጎንበስ ባሉበት ከሣሩ ሥር ማገጡን ማየትም አይከፋም፤ ሐምራዊና ነጣ ያለ አበባው ከቢጫው በታች ተሸፍኖ ስለሚቀር መኪና ውስጥ ሆኖ የሚያልፍ ሰው ፈጽሞ አያየውም።

ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው እንጦጦ ነው። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዞ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ መውጣት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በእግር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቦታ በመሆኑ ከቆላ ወይም ከባሕር ማዶ በቅርቡ የመጣ ሰው ዳገቱን ቀስ ብሎ ቢወጣው ይሻላል። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከልጆች ጋር ለሚሄድ ይመቻል፤ አበባውን ብቻ ብሎ ለወጣ ሰው ግን ከፓርኩ ይልቅ ከተራራው ጀርባ ወደ ሰሜን የሚወርደው ቁልቁለት የተሻለ ነው።

ይህ ቁልቁለት የሚያደርሰው ሱሉልታ ሜዳ ነው፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ምክር ቢጠይቀኝ የምመርጥለት ይህንን ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ በጎጃም መንገድ የእንጦጦን ሰንሰለት የተሻገረ ሁሉ ወዲያው ሰፊውን ሜዳ ያገኛል፤ ሚኒባስም ከዚያው ከአዲሱ ገበያ እስከ ሱሉልታ ከተማና እስከ ጫንጮ ድረስ አለ። ሜዳው ራሱ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር መረሬ አፈር ስለሆነ በመስከረም ከአስፋልቱ ወርዶ በቀጥታ መግባት እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ማስያዝ ነው። ብልህነቱ ከሜዳው ይልቅ በግራና በቀኝ ያሉትን ተረተሮች መያዝ ነው፤ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ ድንጋይ ስላለው ለእግር ይጠነክራል፣ አበባውም በዚያ ላይ ይበዛል፣ ከላይ ሆኖም ሜዳው በሙሉ ይታያል። ማለዳ የደረሰ ሰው በመንገዱ ዳር ልምምድ የሚሠሩ ሯጮችን ያገኛል። ለእነርሱ መንገዱ የሥራ ቦታ ነውና መኪና ማቆሚያ ሲፈለግ ጥርጊያቸውን መዝጋት አይገባም።

የደብረ ብርሃን መስመር ረዘም ያለ ቀን ይጠይቃል። ከሰንዳፋ እስከ ሸኖና ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል እስከምትርቀው ደብረ ብርሃን ድረስ አብዛኛው መሬት የሚታረስ በመሆኑ ቢጫው በገብስና በባቄላው ማሳ መካከል በወሰን በወሰኑ የተሰመረ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጣርማ በር ያለፈ ሰው ገደሉን ያገኛል፤ በዚያ ዳርቻ ጭላዳ መንጋ ሲሠማራም ማየት ይቻላል፤ ችግሩ ግን ደመናው ከቆላው ተነሥቶ ሁሉንም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ የሚሸፍን መሆኑ ነው። በምዕራብ በኩል በአምቦና በወሊሶ መካከል ያለው ወንጪ ሐይቅ ዙሪያውን በተራራ የተከበበ ስለሆነ፣ ፈረስ ተከራይቶ ወይም በእግር እየወረዱ አበባውንና ሐይቁን በአንድ ጊዜ ለማየት ይመቻል። ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚሄድ ሰው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ይዞ መግባት አለበት፤ በፓርኩ ውስጥ አበባ መቅጠፍም ክልክል ነው። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያልፍ ለማንኛውም ጉዞ ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያው አካባቢ ከሚኖር ሰው በስልክ ማጣራት የግድ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ለአበባ ተብሎ የሚደፈር መንገድ የለም።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ እንዲህ ነው። በመስከረም ሰማዩ ጠዋት ጠርቶ እኩለ ቀን ገደማ ደመና ያሰባስባል፤ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ያለበት ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ ይጥላል። ስለሆነም ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ቦታው ላይ ደርሶ እስከ 5 ሰዓት መጨረስ ከሁሉም ይበልጣል፤ ብርሃኑም ያን ጊዜ ለስለስ ያለ ነው። ዝናቡ ድንገት ቢይዝ ከተረተሩ አናት ፈጥኖ መውረድ፣ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ሥርም አለመጠለል ያስፈልጋል፤ በደጋው መብረቅ በዚህ ወቅት የሚያስፈራ ነገር ነው። ጠዋት በድንጋይ ድንጋይ የተሻገሩት ጅረት ላይኛው አገር ከዘነበ ማታ ሞልቶ ሊጠብቅ ስለሚችል የመመለሻውን መንገድ አስቀድሞ ማሰብ አይከፋም።

ከሁሉም በላይ ጎብኚዎች የማያስተውሉት ነገር ሣሩ ነው። ያ ቢጫ መስክ ለተመልካች የአበባ ሜዳ ቢመስልም ለባለቤቱ የከብቶቹ የዓመት ቀለብ ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ ይከመራል፤ የሱሉልታ ድርቆሽ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ ለወተት ላሞች የሚሸጥ ዋና የገቢ ምንጭ ነው። አበባው በሚፈነዳበት ሰሞን የሣሩ ቁመት እስከ ጉልበት ይደርሳል። አንድ ሰው ለፎቶ ብሎ መሐል ገብቶ ሲተኛበት የረገጠው ሣር ይጋደማል፤ የተኛው ሣር ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ የመጨረሻው የመስከረም ዝናብ ሲመታው ይሻግታል፣ አጫጁም ማጭዱን ሲያስገባ አይቆርጥለትም። የአንድ ሰው እግር ምንም አይደለም፤ በቅዳሜና እሑድ በመኪና የሚመጣው ሰው ሁሉ በዚያው በኩል ሲገባ ግን የአንድ ቤተሰብ ጭነት ድርቆሽ ይጠፋል። በሽቦ ወይም በእሾህ የታጠረ፣ ወይም ከብት ያልገባበት ረጅም ሣር ያለበት ቦታ ሁሉ የሰው ነው ብሎ መነሣት ይገባል። መሄድ የሚገባው በእግር መንገድ፣ በማሳ ድንበርና ድንጋይ በበዛበት ዳገት ነው። ፎቶም ቢሆን ከመንገዱ ዳር ጎንበስ ብሎ ቢነሣ ሜዳው መሐል የገቡ ይመስላል።

በአካባቢው ሰው ካለ ሰላምታ ማቅረብና ፈቃድ መጠየቅ ነው። ሱሉልታና ጫንጮ አካባቢ የሚነገረው ኦሮምኛ በመሆኑ «አካም ጅርቱ» ብሎ የጀመረ እንግዳ ፊት ይበራለታል፤ አበባውን ራሱን «ኬሎ» ብሎ ከጠየቀ ደግሞ የት እንደበዛ ያሳዩታል። ወደ ሸዋ አማርኛ ተናጋሪ ገበሬ ግቢ የሚጠጋ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ሳይጣራ መግባት የለበትም፤ ውሻው በከንቱ አልታሰረም፣ አንዳንዴም ጨርሶ አልታሰረም። ሽማግሌ ከሆኑ «አባባ»፣ ሴት ከሆኑ «እማማ» ብሎ «በዚህ በኩል ማለፍ እንችላለን?» ማለት በቂ ነው። ባለቤቱ ለመሻገሪያ ጥቂት ብር ቢጠይቅ የሚያስቆጣ ነገር አይደለም።

ከአበባው መቅጠፍን በተመለከተ የሰዉ አስተያየት ይለያያል፤ ለበዓል መቅጠፍ የኖረ ልማድ ነውና ይህን ማውገዝ አይገባም። ነገር ግን ተክሉ የሚተካው በዘሩ ስለሆነ ከነሥሩ መንቀል፣ ወይም መኪና ሙሉ ጭኖ ከተማ እስኪደርስ ጠውልጎ የሚጣል ነገር መሰብሰብ ጥቅም የለውም። እቅፍ የፈለገ ሰው በመንገድ ዳር ከሚሸጡት ልጆች ቢገዛ ለሁሉም ይሻላል። እግረ መንገዱንም ከአበባው መካከል ንቦች እንዳሉ መርሳት የለበትም፤ በዛፍ ላይ የተሰቀለ ወይም በቤት ጥግ የተቀመጠ ቀፎ ካየ ራቅ ብሎ መዞር፣ ሽቱ አለመቀባት፣ ጥቁር ልብስም ባይለብስ መልካም ነው። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር የሚቆረጠው የደጋ ማር ብዙው ከዚሁ አበባ የሚገኝ ነው።

ለፎቶ የሚሄድ ሰው የሚሳሳተው ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ በመቆሙ ነው። በማለዳ ፀሐይዋን ፊት ለፊት ወይም በጎን አድርጎ ሲነሣ ብርሃኑ በአበባው ቅጠሎች ውስጥ ስለሚያልፍ ቢጫው ራሱ ያበራል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ቀለሙ ይነጣል። በስልክ ለሚያነሣ ደግሞ ስልኩን እስከ አበባው ቁመት ዝቅ አድርጎ፣ ስክሪኑን ነክቶ ብርሃኑን ጥቂት መቀነስ ይበቃል። ገበሬን ወይም እረኛን ሳያስፈቅዱ ማንሣት ነውር ነው። ድሮንም ያለ ፈቃድ ማብረር የተከለከለ ስለሆነ ወረቀት የሌለው ሰው እቤቱ ይተወው።

ስለ አለባበስ ብዙ የሚባል የለም፦ ጭቃና ጤዛ የሚችል ጫማ፣ ከሳማና ከኮሸሽላ የሚከላከል ረጅም ሱሪ፣ ለማለዳው ብርድ ጃኬት ወይም ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ ውኃና ቆሎ። አበባው ወደ ፍሬ በተለወጠበት ሰሞን የሚሄድ ሰው ጫፉ ሁለት ጥርስ ያለው ጥቁር ቀጭን ፍሬ በሹራቡና በካልሲው ላይ ስለሚሰካ ሱፍ ነክ ልብስ ባይለብስ ይሻለዋል፤ አንድ በአንድ መልቀሙ ከጉዞው ይረዝማል። የፕላስቲክ ጠርሙስና የምግብ መጠቅለያ ተመልሶ ወደ ከተማ መምጣት አለበት፤ ከሣሩ ጋር ታጭዶ በላም ሆድ የገባ ፌስታል ላሟን ይገድላል።

ጥቅምት ከተጋመሰ በኋላ የደረሰ ሰው አደይ አበባን ፍለጋ ኮረብታ ለኮረብታ ከመንከራተት ይልቅ የመንገዱ ሰላም ከፈቀደለት ወደ ጎጃም ወይም ወደ ወለጋ ቢያቀና በአበባ ላይ ያለ ኑግ ሊያገኝ ይችላል። እርሱም አገሩን ሁሉ ቢጫ ያደርገዋል፤ ልዩነቱ ኑግ ለዘይት የሚጠበቅ የገበሬው አዝመራ በመሆኑ ከድንበሩ ሆኖ መታየት እንጂ እግር የሚገባበት አለመሆኑ ነው።